ለባሕር የተወለዱ ልጆች

ድንችም አበቀልሽ፣ ልጅም አበቀልሽ፤
ድንቹን አንቺ በላሽ፣ ልጁን ለማን ሰጠሽ?

አየርላንድ ሆይ፣ ሙሾሽን ማን ያውርድልሽ? ድሮ አልቃሾች ነበሩሽ። ሰው ሲሞት ፀጉራቸውን ፈትተው ከአስከሬኑ ራስጌ የሚቀመጡ፣ የሟቹን ዘር ቆጥረው፣ ደግ ሥራውን አንስተው በዜማ የሚያወርዱ ሴቶች ነበሩሽ። ኤይሊን ዱቭ እ.ኤ.አ. በ1773 ባሏ በጥይት ተመትቶ ሲወድቅባት ያወረደችው ሙሾ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ቆይቶ ዛሬም ይነበባል። ከዚያ ካህናቱ ልቅሶው የአረማውያን ነው እያሉ ገሠጹ፤ ዘመኑም ተለወጠ፤ የአልቃሾቹም ድምፅ ከየመንደሩ እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በሣር ክዳን ቤት የተወለዱት፣ ዛሬ አያት የምንላቸው የገበሬ ልጆች፣ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ሙሾ የሚያወርድላቸው አላገኙም። ጸሎት ተደረገላቸው፣ ሻይ ተፈላላቸው፣ በክብር ተቀበሩ። እንጉርጉሮው ግን ቀረባቸው። እኔ ሙሾ ገና ካልሞተበት አገር የበቀልሁ ሰው ነኝና የቀረባቸውን በቋንቋዬ ላንጎራጉርላቸው።

ከምድጃው ልጀምር፤ እነሱም ሲያወሩ ከምድጃው ነው የሚጀምሩት። በምዕራቡ አገር፣ በሜዮና በጎልዌይ፣ በዶኔጎልና በኬሪ፣ የማገዶ እንጨት ብርቅ ነበር። የሚነደው ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀ ጥቁር አፈር ነው፤ ተርፍ ይሉታል። ክረምቱ አልፎ ቀኑ ሲረዝም አባት ጠባብና ስለታም አካፋ ይዞ ረግረጉ ውስጥ ይወርዳል። ከጡብ ረዘም ያለ እርጥብ ቁራጭ እየቆረጠ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ልጆቹ እየተቀበሉ በሜዳው ላይ ይዘረጋሉ። ሰንበት ብለው ይመለሱና ነፋስ እንዲያልፍባቸው ቁራጮቹን እርስ በርስ አስደግፈው ያቆማሉ። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ትንኙ ፊት ይበላል፣ ጭቃው ከጣት ጥፍር ሥር አይወጣም። እኩለ ቀን ላይ ዳቦና በጠርሙስ የተሞላ ሻይ ይደርሳል፤ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ ጠርሙሱ በሱፍ ካልሲ ውስጥ ገብቷል። ያን የመሰለ ሻይ በዕድሜያቸው ዳግመኛ እንዳልቀመሱ እየማሉ ይናገራሉ። እውነት ነው። ያንን ሻይ ያጣፈጠው ከጎን የተቀመጠው ወንድም ነበር፤ ወንድም ደግሞ ያኔ ገና ከአገር አልወጣም።

ማታ ይሆናል። ቤተሰቡ በጭቃው ወለል ላይ ተንበርክኮ መቁጠሪያ ይደግማል። ታናናሾቹ እንቅልፍ እየጣላቸው ግንባራቸው ከወንበሩ ጋር ይጋጫል፤ አባት ያስላል፣ ሁሉም ይነቃል። ከዚያ አያት ትነሳለች። ፍሙን በእሳት መቆስቆሻ ወደ መሐል ሰብስባ፣ አመዱን ከየጥጉ እየሳበች ትዳፍነዋለች። የቅድስት ብሪጂትን ስም ትጠራለች፤ ቤቱን፣ በረቱን፣ የተኙትንና በባሕር ማዶ ያሉትን ታስጠብቃለች። ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ረመጡ ቀልቶ ይገኛል። ከአባት ወደ ልጅ ሲሻገር ጠፍቶ የማያውቅ እሳት ያለበት ቤት ብዙ ነበር ይላሉ። አንዲት እናት ለእሳቱ ያን ያህል ስትጠነቀቅ ልቧ ምን ይል ነበር? ለእሳቱ ብልሃት አለ፤ ለልጅስ?

እሳቱን በአመድ ዳፍኜ አቆየሁት፤
ልጄን መዳፈኛ አጥቼ ለቀቅሁት።

ድንቹንስ እንዴት ዝም ብዬ ልለፈው? አያቶቻችን ልጆች ሳሉ አባቶቻቸው ሰማያዊ ድንጋይ የሚሉትን የመዳብ ጨው በበርሜል ውኃ በጥብጠው በድንቹ ቅጠል ላይ ይረጩ ነበር። የአባት ጢም፣ እጅና ሸሚዝ ሰማያዊ ሆኖ ሲመጣ ልጆቹ ይስቃሉ። አባት ግን አይስቅም። በጭጋጋማ ቀን በቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የታየ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ ከአያቱ ሰምቷል። በ1845 በሽታው ድንቹን በመሬት ውስጥ አበሰበሰው። ጭሰኛው ከድንች በቀር የሚበላው አልነበረውም፤ የዘራው ስንዴና አጃ፣ ያሳደገው አሳማና ከብት ለባለመሬቱ ኪራይ ነው። ሕዝቡ ሲረግፍ እህል ከአየርላንድ ወደቦች ይጫን ነበር። እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በተስቦ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው ተሰደደ። ሌትሪም የምትባለው አውራጃ በ1841 ከ155 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራት፤ በ1996 የቀራት 25 ሺህ ገደማ ነው። ወይ አንቺ ምድር፣ ሰው ከምኔው እንዲህ ይሳሳል? ሽማግሌዎቹ ስለዚያ ዘመን ሲጠየቁ ነገሩ የደረሰው በሌላ ሰበካ ነው ይላሉ፤ ወደ ማዶው ኮረብታ ያመለክታሉ። የእናቱ እናት ሣር ስትግጥ ታየች ብሎ ለልጅ ልጁ የሚናገር አንጀት ከየት ይመጣል?

መሬቱ በመጨረሻ የእጃቸው ሆነ። ሚካኤል ዳቪት የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ በ1850 ወላጆቹ በሜዮ ከቤታቸው ተባረሩ፤ አድጎ በ1879 በዚያው በሜዮ የመሬት ማኅበሩን መሠረተ፤ ጭሰኛውንም አስነሳ። ከዚያ በኋላ በወጡት ሕጎች፣ በተለይም በ1903ቱ፣ ገበሬው ለብዙ ዓመት በሚከፈል ብድር ያረሰውን መሬት እየገዛ ባለርስት ሆነ። እልል የሚያሰኝ ድል ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ልጅ አለው፤ ማሳው ደግሞ ሲከፋፈል ማንንም አያበላም። ስለዚህ ርስቱ ለአንድ ወንድ ልጅ ይሰጣል፤ አንዲት ሴት ልጅ በጥሎሽ ትዳራለች፤ ሌሎቹ ለምንኩስና፣ ለሰው ቤት ሥራና ለመርከብ ይቀራሉ። እናት ጡት ስታጠባ የትኛው እንደሚቀርላት አታውቅም። የምታውቀው አብዛኞቹ እንደማይቀሩ ነው። ይህን እያወቀች ሁሉንም እኩል ወደደች። የእንጉርጉሮዬ ሥር ይህ ነው። ምድሪቱ መውለድና ማሳደግ ችላለች፤ ማኖር ግን አልቻለችም።

ልጅነት በዚያ አገር ሥራ ነበር። ከትምህርት ቤት በፊት ላም ይታለባል፣ ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ዶሮ ይቀለባል። ከመጋቢት ማለፊያ እስከ መስከረም ጫማ የለም፤ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ላሟን አስነስቶ የተኛችበት ሙቅ ሣር ላይ እግርን ማሞቅ ነበር ብልሃቱ። በክረምት እያንዳንዱ ልጅ በብብቱ አንድ ቁራጭ ተርፍ ይዞ ይሄዳል፤ የክፍሉ እሳት የሚነደው ልጆቹ ባመጡት ነው። ያላመጣ ከእሳቱ ርቆ ይቀመጣል። አርጩሜው ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አይነሳም። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላ ትምህርቱ ያበቃል፤ ሁለተኛ ደረጃ በነፃ የሆነው በ1967 ነው፤ ለእነሱ በጣም ዘግይቶ። ስንት ገጣሚ፣ ስንት ሐኪም በቀይ ሥር ማሳ ላይ በጉልበቱ እየዳኸ ችግኝ ሲያሳሳ ዕድሜው አለፈ! ጉልበቱ እንዳይላጥ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ከትልም ጫፍ እስከ ትልም ጫፍ።

ከእነዚያ ልጆች መካከል ግን አንድ ትልቅ ነገር የሠሩ አሉ። በ1935 የተቋቋመው የአየርላንድ ሥነ ቃል ኮሚሽን ከ1937 እስከ 1939 ድረስ በ5 ሺህ ገደማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆችን ወደ አያቶቻቸው ላከ። መምህሩ ርእሱን ይሰጣል፦ የድሮ ቤቶች፣ የዳቦ አጋገር፣ የረሃቡ ዘመን፣ የቅዱሳን ጉድጓዶች፣ የመንደር አንጥረኛ። ልጁ ማታ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጥና ይጠይቃል፤ አያት ይናገራሉ፤ ልጁ በደብተሩ ይጽፋል፤ ከታችም የተናጋሪውን ስምና ዕድሜ ያሰፍራል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ ሞላ። ያኔ የተናገሩት ሽማግሌዎች ከረሃቡ የተረፉ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ ያኔ የጻፉት ልጆች ደግሞ ዛሬ ያለቁት ወይም ጥቂት የቀሩት አያቶች ናቸው። እነዚያን ገጾች ሳስብ እንባዬ የሚመጣው በይዘታቸው ብቻ አይደለም። ጽሕፈቱ የልጅ ነው፤ መስመር ጠብቆ፣ ቀለም እንዳይንጠባጠብ ተጠንቅቆ የተጻፈ። ከዚያ ሁሉ ደብተር ባለቤቶች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሻንጣ አንስተው ወጡ። ድምፃቸው ደብሊን ላይ በመዝገብ ቤት ተቀመጠ፤ እነሱ በበርሚንግሃምና በቦስተን ተቀበሩ።

ደቦው ትዝ ሲላቸው ድምፃቸው ይለወጣል። የውቂያ ቀን የመንደሩ ሁሉ ቀን ነበር። መውቂያ ማሽኑ በጠባቧ መንገድ እየተንፏቀቀ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ከየቤቱ አንድ ወንድ መንሹን በትከሻው አድርጎ ይመጣል። አንዱ ነዶ ያቀብላል፣ አንዱ ማሰሪያውን ይፈታል፣ አንዱ ጆንያ ይይዛል፣ ሦስት አራቱ ገለባውን ይከምራሉ። ሴቶቹ በትልቁ ድስት ድንችና ሥጋ ያበስላሉ። ዛሬ የረዳኝን ነገ እረዳለሁ፤ ሒሳቡን የሚጽፍ የለም፣ የሚረሳም የለም። የወንድ ልጅ ጉልበት የሌላት ባልቴት እህሏ ከሌላው ቀድሞ ይወቃላት ነበር። ማምሻውን ዋሽንቱና ቫዮሊኑ ይወጣል። ቅቤ ሲናጥም እንዲሁ ነው፦ በሩን ከፍቶ የገባ ሰው፣ እንግዳም ቢሆን፣ መናጫውን ተቀብሎ ጥቂት ሳይንጥ አይወጣም፤ ሳይንጥ የወጣ በረከቱን ይዞ ሄደ ይባላል። ከዚያ አሬራው በኩባያ ይቀዳለታል። ላም ስትወልድ እንገሩ ለጎረቤት ይላካል፤ አሳማ ሲታረድ ልጆች ሥጋውን በሳህን ይዘው በየቤቱ ያደርሳሉ፤ በሚቀጥለው ወር ሳህኑ ከሌላ ቤት ሥጋ ይዞ ይመለሳል። በፌብሩዋሪ 1947 በረዶ አጥሩን ሁሉ በቀበረበት ሰሞን ጎረቤት ጎረቤቱን በአካፋ እየቆፈረ ደረሰለት። ብቻውን እንዳይራብ፣ ብቻውን እንዳይሞት።

ገበያው የልጅነት መጨረሻ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባት ልጁን ይቀሰቅሰዋል። ከብቱን በጨለማ እየነዱ ከተማ ሲገቡ ሊነጋ ነው፤ ከብቱ በዋናው ጎዳና ግራና ቀኝ፣ በሱቆቹ በር ላይ ይቆማል። ነጋዴው ያናንቃል፣ ዞሮ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ደላላው የሁለቱን እጅ በግድ ያገናኛል። መዳፍ ላይ እንትፍ ተብሎ እጅ ለእጅ ሲማታ ነገሩ አለቀ፤ ሻጩ ከተቀበለው ላይ ጥቂት ሳንቲም ለምርቃት ይመልሳል። በ1932 ግን አዲሱ የዴ ቫሌራ መንግሥት የመሬቱን ብድር ለለንደን አልከፍልም አለ፤ እንግሊዝም በአየርላንድ ከብት ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለች። እስከ 1938 ድረስ የከብት ዋጋ ወደቀ። ጥጃ የሚገዛ ጠፋ። መንግሥት ለጥጃ ቆዳ ጥቂት ሽልንግ ይከፍል ጀመር፤ ገበሬውም ጥጆቹን አረደ። አስቡት፦ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አዲስ የተወለደችውን ጥጃ ጣቱን እያጠባ ከባልዲ መጠጣት ያስተማራት ነው። ጣቱን ወተት ውስጥ ነክሮ፣ ሻካራ ምላሷ ሲይዘው ቀስ ብሎ ወደ ወተቱ እያወረደ። አባቱ ቢላዋ ይዞ ሲመጣ ወደ ጓሮ ላከው። አባትየው ያን ቀን ምሳ አልበላም። ልጁ ዘጠና ዓመት ሞልቶት ስለ ፖለቲካው ምንም ላያስታውስ ይችላል፤ የምላሷን ሻካራነት ግን ጣቱ ላይ ያውቀዋል።

የእናቶቹንስ ማን ይናገርላቸው? የዶሮው እንቁላልና የቅቤው ገንዘብ የእናት ነበር፤ ሻይ፣ ስኳር፣ የልጅ ጫማና የመርከብ ትኬት ከዚያ ይወጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ሻይ በሳምንት ለአንድ ሰው ወደ 14 ግራም ሲወርድ እናት የእሷን ድርሻ ለሽማግሌው ትተዋለች። አሥር ጊዜ ያረገዘች ሴት አሥሩንም አታሳድግም። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ አይቀበርም ነበር። አባት ትንሿን ሣጥን በብብቱ ይዞ፣ መሽቶ ሰው ሲተኛ፣ ወደ አሮጌው አጥር ወይም ወደ ባሕሩ ዳር ይሄዳል። ስም የሌለው ድንጋይ ያኖራል፤ ተመልሶ ለሚስቱ ቦታውን እንኳ ሳይነግራት ይቀራል። በየአውራጃው እንዲህ ያሉ የሕፃናት መቃብሮች አሉ። እነዚያን እናቶች ለማልቀስ እንኳ የከለከላቸው ዘመን ነውና፣ እናንተ ሴቶች ሆይ፣ ዛሬ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አልቅሱ፤ የሚገሥጽ የለም።

ከሁሉ የከፋው ሌሊት ግን የሽኝቱ ነው። አሜሪካ የሚሄድ ልጅ ባለበት ቤት፣ ሊሄድ ባለበት ዋዜማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያድራል፤ የሞተ ሰው ባለበት ቤት ውስጥ እንደሚታደረው ነው። ሻይና ትንባሆ ይቀርባል፣ ይጨፈራል፣ ይዘፈናል። ጎሕ ሲቀድ ቫዮሊኑ ይቆማል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ አዲስ ኮት ለብሳ ከበሩ ትቆማለች፤ የኮቱ ቁልፍ እስከ አንገት ተቆልፏል። እናት የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ትይዛለች፤ በመዳፏ ትዳስሳለች፣ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። ከዚያ ያቺ የተከለከለችው ድምፅ ትወጣለች፤ ካህን ቢገሥጽ፣ ጎረቤት ቢይዛት አትቆምም። በዶኔጎል፣ በሙኪሽ ተራራ በር ላይ አንድ ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ የዕንባ ድልድይ ይባላል። ቤተሰቡ ልጁን እስከዚያ ይሸኛል፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ብቻውን ወደ ዴሪ ወደብ በእግሩ ይሄዳል። ዞሮ የሚያይ አለ፤ ዞሮ ለማየት ያልደፈረም አለ።

የሞተማ ቢሆን አፈር ይለብሳል፤
ቆሞ ለሄደ ሰው በምን ይለቀሳል?

አሜሪካ መሄድ ያልቻሉት ለአዝመራ ስኮትላንድ ይሻገሩ ነበር፤ ልጆችም አብረው። የአኪል ደሴት ሰዎች በ1894 ወደ ስኮትላንድ አዝመራ ሊሄዱ ትልቁን መርከብ ለመያዝ ሲጓዙ ጀልባቸው ተገልብጣ 32 ሰው ሰጠመ፤ አስከሬናቸውን ወደ ደሴቲቱ ዳርቻ ያመጣው ገና ሥራ ሊጀምር የነበረው ባቡር ነው። በሴፕቴምበር 1937 ደግሞ ድንች ለቀማ የሄዱ አሥር የአኪል ወንዶች ስኮትላንድ ውስጥ በኪርኪንቲሎክ በተኙበት ማደሪያ ውስጥ በእሳት አለቁ፤ የትንሹ ዕድሜ 13 ነበር። መስመሩ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ያው ባቡር የእነሱን አስከሬን ይዞ ገባ። በሙታን ተመረቀ፣ በሙታን ተዘጋ። አኪል ሆይ፣ ከልጆችሽ በቀር ለዓለም የምትሸጪው ምን ነበረሽ?

የቀረውስ ተመችቶት ነው? ርስቱን የወረሰው ወንድ ልጅ አባቱ እስኪያርፍ መሬቱ በስሙ አልሆነም፤ አባት ሲያርፍ እሱ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። ሊያገባት የሚችል ልጅ እንግሊዝ ሄዳ ነርስ ሆናለች። ስለዚህ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ እናት ታርፋለች፤ ከውሻው ጋር ይኖራል። በ1950ዎቹ ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ከአገሩ ወጣ፤ በ1961 የአየርላንድ ሪፐብሊክ ሕዝብ 2.8 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በአንድ ጎዳና ላይ አምስት ቤት ተዘግቶ አንዱ ጭስ ካወጣ፣ ያ ጭስ የዚህ ሰው ነው። ሰዎች ርስት አግኝቶ ነው የቀረው ይሉታል። እኔ ግን አልቃሽ ቢኖር ለሄዱት አንድ፣ ለእሱ ሁለት ሙሾ ባወረደች እላለሁ። የሄዱት የተለዩት ከአንድ ቤት ነው፤ እሱ ከወንድሞቹ ሁሉ፣ ከእህቶቹ ሁሉ፣ ሊወልዳቸው ከነበሩት ልጆችም ተለየ።

በኖቬምበር 1946 ከደብሊን በስተ ሰሜን በኪልሳላሃን የገጠር መብራት የመጀመሪያው ምሰሶ ተተከለ። ከዚያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምሰሶ ቆመ፤ በኬሪ ተራሮች መካከል ያለው የጥቁሩ ሸለቆ መብራት ያየው በ1970ዎቹ ነው። መብራቱ በገባበት ምሽት እናቶች ቤታቸውን አይተው ደነገጡ፤ በጋዝ ፋኖስ ያልታየው ጥቀርሻና ድር ከየጥጉ ታየ፤ በማግስቱ ኖራ ይዘው ግድግዳውን ቀቡ። ውኃ በቧንቧ ገባ፤ የሴት ወገብ ተቃና። የተባረከ ነው። ነገር ግን ማታ ማታ ጎረቤት የሚሰበሰብባቸው፣ ተረት አዋቂው ሽማግሌ ከምድጃው ዳር የሚቀመጥባቸው ቤቶች አንድ በአንድ ዝም አሉ። መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን ተናገረ፤ ሽማግሌው ሰሚ አጣ። ማሽኑን አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳው ሆነ፤ ደቦ የሚጠራ ጠፋ። የከብቱ ገበያ ከጎዳናው ተነስቶ በግንብ አጥር ውስጥ ገባ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም መልካም መልካሙን እያደረገ ሳለ መንደሩ ባዶ ሆነ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለእነዚህ አያቶች ብድር አለብን። ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1973 በእኛ ረሃብ ዘመን አገራችን ገባ፤ በዚያው ዓመት ትሮከራ የተባለው የአየርላንድ ካቶሊክ ጳጳሳት ድርጅት ተመሠረተ። በዐቢይ ጾም በየቤቱ የምትቀመጠው የወረቀት ሣጥን በሳንቲም ስትሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወሎና የትግራይ ፊት በቴሌቪዥን ሲታይ፣ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው የሰደዱት እነማን ነበሩ? ሰማያዊ ድንጋይ ሲበጠበጥ ያዩት፣ ስለ ረሃብ ሲጠየቁ ወደ ማዶ ኮረብታ የሚያመለክቱት ናቸው። ኮረም ላይ የተቀመጠችውን እናት ሲያዩ ዝምታቸው ፈረሰ። ያቺ እናት ከሌላ ሰበካ አልነበረችም። ስለዚህ ይህን እንጉርጉሮ ለባዕድ ያለቀስሁ እንዳይመስላችሁ፤ ለለቅሶ ደራሽ ለቅሶ መድረስ የአባቶች ሥርዓት ነው።

አሁን አያቶቹ እያለቁ ነው። ከነሱ ጋር የድንች መደብ አሠራር፣ የላም ስም፣ የየማሳው ስም፣ የተረት መነሻ ይሄዳል። ድህነቱን መልሱልን የሚል ከመካከላቸው አልሰማሁም። በውርጭ ባዶ እግሩን የሄደ ሰው የልጅ ልጁን ጫማ ሲያይ ይመርቃል። እህቱን በሳንባ ነቀርሳ የቀበረ ሰው መድኃኒት ሲያይ ያመሰግናል። የሚያንገበግበኝ ይህ አይደለም። ድህነቱ ሲቀበር ጎረቤቱን አብራችሁ ቅበሩ ያለው ማን ነው? መብራት ሲገባ ማምሻው ለምን ይውጣ? አንድ ልጅ ርስት፣ ሰባቱ ባሕር ብሎ የፈረደውስ ማን ነው? ምድር አይደለችም፤ ምድሪቱ ጠባብ አልነበረችም። ጭሰኛውን በዳገትና በረግረግ ላይ የገፋው፣ ለም ሜዳውን ለጥቂቶች ከብት ያስቀረው ሰው ነው። ሰው የሠራውን ሰው ሊያፈርሰው ይችል ነበር፤ አንድ መቶ ዓመት ሙሉ ግን መርከቡ ቀለለ። መርከብ እያለ ማን መሬት ያካፍላል?

እማማ፣ አባባ፣ እናንተ በአሬራና በድንች ያደጋችሁ፣ ሰባት ወንድም እህት ሸኝታችሁ በአንድ ሳህን የቀራችሁ፣ በባዕድ አገር መንገድ ስትቆፍሩና የሰው ልጅ ስታሳድጉ የራሳችሁን ማሳ በስሙ እየጠራችሁ የሞታችሁ፤ አልቃሽ አጣን እንዳትሉ። ያወረድሁት በማታውቁት ቋንቋ ነው፤ ልቅሶን ግን አስተርጓሚ ሳይገባበት ታውቁታላችሁ።

ችጋርስ ይሂድ፣ መንገዱን ጨርቅ ያርገው፤
ይዞት የሄደውን ሰው ነው የማለቅሰው።